ውሃውን አንብቦ ፎቶ ማንሳት፦ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ቢግ ሰር

የባሕር ዳርቻ ፎቶ ማንሳት በጣም እወዳለሁ። ሙያዬ አይደለም፤ ሳንቲም አላገኝበትም። ኑሮዬ ኦክላንድ ስለሆነ ግን የካሊፎርኒያ ዳርቻ ደጄ ላይ ነው። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ትራይፖዴን ይዤ ውልቅ ነው።

ፎቶዎቹን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ካሜራህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ካሜራው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን እወቁ። ቀጥሎ ብርሃኑን። ዕቃ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ይህንንም መመሪያ የጻፍኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ምክንያት አለኝ። አብዛኞቻችን ያደግነው ባሕር በሌለበት ነው። የምናውቀው ጣናን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን ነው። ሐይቅ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። ጠዋት የቆማችሁበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ጥሩ ፎቶ ማጣቱ ብቻ አይደለም፣ አደጋ ላይም ይወድቃል።

1ኛ ደረጃ፦ አንድ ቦታ ምረጡና ደጋግሙት

ጀማሪ ሲባል ስሙ የገነነውን ቦታ ሁሉ በአንድ ቀን ማዳረስ ይፈልጋል። ቢክስቢ ድልድይ፣ ፋይፈር ቢች፣ ማክዌይ ፏፏቴ፣ በቃ ሁሉንም። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ጥሩው ብርሃን ሲመጣ ደግሞ ፓርኪንግ ፍለጋ ላይ ትሆናላችሁ።

ይልቅ አንድ ቅርብ ቦታ ያዙ። በተለያየ ውሃ፣ በተለያየ ወቅት ተመላለሱበት። ለኔ ያ ቦታ ሮዲዮ ቢች ነው። ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ፣ ማሪን ሄድላንድስ ውስጥ ነው ያለው። በባንከር መንገድ ከመጣችሁ መኪና በተራ የሚያልፍበት ጠባብ ዋሻ አለ። ቀይ መብራቱ አምስት ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ይህ አምስት ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ሮዲዮን የምወደው ለጠጠሩ ነው። እንደ ሌላው ቢች ወርቃማ አሸዋ የለውም። ጠቆር ያለ፣ ቀይና አረንጓዴ ቸርት የሚባል ድንጋይ የተቀላቀለበት ጠጠር ነው። ደረቅ ሲሆን አይን አይገባም። ውሃ ሲነካው ግን ቀለሙ ቦግ ይላል። ከደቡብ ጫፉ ፊት ለፊት የወፎች ማረፊያ የሆነች አለት ደሴት አለች። ከበስተጀርባው ደግሞ ሐይቅ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ዓይነት ፎቶ ማለት ነው። ጠጠሩን ኪስ ከትቶ መሄድ ክልክል መሆኑን ግን አትርሱ፤ ቦታው የብሔራዊ ፓርክ ይዞታ ነው።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሱትሮ መታጠቢያ ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1896 የተከፈተ ግዙፍ የመዋኛ ሕንጻ ነበር፣ በ1966 ተቃጠለ። ዛሬ ግድግዳውና ገንዳው ነው የቀረው፤ ነፋስ በሌለበት ማታ ሰማዩ ገንዳው ላይ ይታያል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ የፒጅን ፖይንት መብራት ቤት አለ። ከ1872 ጀምሮ የቆመ፣ 115 ጫማ ከፍታ ያለው ግንብ ነው። እድሳት ላይ ሊሆን ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ዳቨንፖርት አጠገብ ደግሞ የሻርክ ክንፍ የሚመስል አለት ከውሃው መሃል ወጥቷል። የሚወርደው መንገድ ቁልቁል ነውና ሸራ ጫማ ሳይሆን የሚጨብጥ ጫማ አድርጉ።

ወደ ደቡብ ርቆ ያለው፣ ተራራው ከባሕሩ የሚገናኝበት ቢግ ሰር ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ለመሄድ ግን ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሃይዌይ 1 ተራራው እየተናደ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ካልትራንስ የተባለውን የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት መረጃ ሳታዩ አትነሱ። ሁለተኛ፣ ማክዌይ ፏፏቴን ከላይ ከመንገዱ ነው የምታነሱት። ወደ ታች መውረድ ክልክል ነው። የሚገርመው፣ ፏፏቴው ዛሬ የሚወርድበት አሸዋ ድሮ አልነበረም። ውሃው ቀጥታ ባሕር ውስጥ ነበር የሚገባው። በ1983 ተራራው ሲናድ የወረደው አፈር ነው ያንን ዳርቻ የፈጠረው።

2ኛ ደረጃ፦ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት አንብቡ

ታይድ የሚሉት ይህንን ነው። በዚህ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፤ ሁለቱ ጉድለቶችም እንደዚያው። አንዱ በጣም ይሸሻል፣ ሌላው ትንሽ ብቻ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ያለፈው ቅዳሜ የሠራ ሰዓት በዚህ ቅዳሜ አይሠራም።

ሰንጠረዡን ኖኣ በሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። ስልክ ላይ የሚጫኑ አፖችም ሞልተዋል። ሰንጠረዡ ላይ ቁጥሩ በጫማ ነው የሚጻፈው። ዜሮ ማለት ባሕሩ ደረቀ ማለት አይደለም። በየቀኑ ካሉት ሁለት ጉድለቶች ይበልጥ ዝቅ የሚለው አማካይ ነው ዜሮ የተባለው። የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ካያችሁ ውሃው ከወትሮው በላይ ይሸሻል ማለት ነው። ያን ቀን ሌላ ጊዜ የማይታዩ አለቶች፣ ኩሬዎች፣ በአረንጓዴ ሣር የተሸፈኑ ድንጋዮች ይወጣሉ። ለፎቶ ሰርግና ምላሽ ነው።

ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ወይም አዲስ በተወለደችበት ሰሞን ነው። ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ላይ ሆነው ስለሚስቡት ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ዳርቻ በጣም ዝቅ የሚለው ጉድለት በፀደይና በበጋ የሚውለው ጠዋት ነው። በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ ይሆናል። እዚህ ወቅቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አሜሪካው ነው፤ ክረምት የምለው ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ ያለውን፣ በጋ የምለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? በእነዚህ ወራት ውሃው የሚሸሽበት ሰዓትና ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ይገናኛሉ። የወጡት አለቶች ላይ የማታ ብርሃን ያርፍባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ መውጣት የምትችሉ ብትሆኑ እንኳ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ያለውን ማታ ምረጡ። በዚሁ ሰሞን ጠዋት ላይ ደግሞ ኪንግ ታይድ የሚባለው የዓመቱ ትልቁ ሙላት ይመጣል። ያኔ ከላይ ሆናችሁ፣ ከሩቅ ብቻ አንሱ።

አቅዳችሁ ስትወጡ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ውሃው ዝቅተኛው ላይ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቦታው ላይ ሁኑ። ውሃው እየሸሸ ስለሆነ ጊዜው ለናንተ ይሠራል። ጉድለቱ ካበቃ በኋላ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። ቀስ ሲል አይታችሁ አትዘናጉ። በአለት ዙሪያ ዞራችሁ ወደ ሌላ ወሽመጥ ከገባችሁ፣ የገባችሁበት መንገድ ከኋላችሁ ሊዘጋ ይችላል።

እስራኤል ያላችሁ፣ አሽዶድ ወይም ቄሳርያ የምታነሱ፣ ይህን ክፍል በቀላሉ ልታልፉት ትችላላችሁ። የሜዲትራኒያን ሙላትና ጉድለት ትንሽ ነው። ቀጣዩን ግን አታልፉት።

3ኛ ደረጃ፦ ሞገዱን እዩ፣ ጀርባ አትስጡት

ታይድና ሞገድ ለየብቻ ናቸው። ውሃው ሸሽቶም ሞገዱ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ትንበያው ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፦ የሞገዱ ቁመት በጫማ፣ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ። ሰው ሁሉ የሚያየው ቁመቱን ነው። ሰከንዱ ነው ይበልጥ መታየት ያለበት። ሰከንዱ ሲረዝም ሞገዱ ከሩቅ የመጣ፣ ብዙ ጉልበት የያዘ ነው። ዳርቻው ላይ ሲወጣ ከጠበቃችሁት በላይ ይሮጣል። እኔ የራሴ መመሪያ አለኝ፦ ቁመቱ 8 ጫማ አልፎ ሰከንዱ ከ14 በላይ ከሆነ ወደ ውሃው ጠርዝ አልወርድም። ያን ቀን ከገደል ላይ በረጅም ሌንስ ነው የማነሳው። እንዲያውም ለረጅም ሌንስ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ስኒከር ዌቭ የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ደቂቃ ትናንሽ ሞገድ ሲመጣ ይቆይና በድንገት አንዱ ሁሉንም አልፎ ይመጣል። አሸዋው ደርቋል ብላችሁ የቆማችሁበት ቦታ ይደርሳል። ሰው ይወስዳል። ውሃው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ዋና የሚችል ሰውንም እጅና እግር ያስራል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንደ ልማድ ያዙ።

መጀመሪያ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ላይ ቁሙና 20 ደቂቃ ውሃውን ብቻ እዩ። ካሜራ አታውጡ። ትልቁ ሞገድ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ድንጋይ እርጥብ እንደሆነ ተመልከቱ። እርጥብ ድንጋይ ማለት ውሃ የደረሰበት ድንጋይ ነው፤ ደግሞም ይደርስበታል። ሰዓቱ አያስቆጫችሁ። ፎቶውም እዚያው ነው የሚገኘው፤ ሞገዱ በየትኛው በኩል እንደሚሰበር፣ አረፋው በየት እንደሚመለስ የምታውቁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። ስክሪን ስታዩም ፊታችሁ ወደ ውሃው ይሁን። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ያን ቀን ፎቶግራፍ አንሺ አይደላችሁም፣ ወላጅ ናችሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ካሜራው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ይሂድ። ማንም ዘሎ አይግባ። ገደሉም አይታመንም፦ አፈሩ ልል ስለሆነ ጫፍ ላይ አትቁሙ፣ ከሥሩም አትቀመጡ።

በእንግሊዝኛ ሲል (seal) የሚባሉት የባሕር እንስሳት ዳርቻው ላይ ተኝተው ካገኛችሁ ቢያንስ 50 ያርድ ራቁ። ቀና ብለው ካዩአችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ወቅትና ብርሃን

ካሊፎርኒያ ሲባል በበጋ ፀሐይ የሚመስለው ብዙ ነው። ዳርቻው ላይ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉም ነው። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የላዩን ውሃ ሲገፋው ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። እርጥብ አየር በዚያ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ሐምሌ ላይ ቁምጣ ለብሶ የመጣ ቱሪስት ሲንቀጠቀጥ የምታዩት ለዚህ ነው። ጃኬት ያዙ።

ጉም መጥፎ አይደለም። ዝቅ ብሎ ከተኛ ሆክ ሂል ወደሚባለው ኮረብታ ውጡና የጎልደን ጌት ምሰሶዎች ከላዩ ወጥተው አንሱ። ከፍ ብሎ ሰማዩን ከዘጋ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሥሩ። ቀለም የሚፈልግ ሰው መስከረምና ጥቅምትን ይጠብቅ። ከዚያም በክረምት ዝናብ ባለፈ ማግስት ይውጣ። የተበታተነ ከፍ ያለ ደመና ካለና በስተምዕራብ አድማሱ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ማታው ሊቀላ ነው። አድማሱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ብርሃኑ የሚያልፍበት የለም።

ፀሐይ እዚህ የምትጠልቀው ባሕር ላይ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደለም። በበጋና በክረምት መካከል የምትጠልቅበት አቅጣጫ 60 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ፋይፈር ቢች ላይ በመሃሉ ቀዳዳ ያለው አለት አለ። በታኅሣሥና በጥር ጀምበር ስትጠልቅ ብርሃኑ በቀዳዳው በኩል ይወጣል፤ በሰኔ ብትሄዱ አታዩትም። ፎቶፒልስ የተባለው አፕ ፀሐይ በየትኛው ቀን የት እንደምትገባ ካርታ ላይ ያሳያችኋል። ለፋይፈር ከሄዳችሁ ሌላውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ትራይፖድ በትራይፖድ ነው። ፓርኪንጉም ትንሽ ነው፣ በጊዜ ድረሱ።

ፀሐይዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እናንተ ቆዩ። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከዚያ በኋላ ባሉት 20 እና 30 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የእጅ ባትሪ ይኑራችሁ።

5ኛ ደረጃ፦ ዕቃ

ይህን አሳጥረዋለሁ። ሌንሱ የሚቀያየር ማንኛውም ካሜራ ይበቃል፤ ያገለገለም ይሁን። ሰፊ የሚያይ ሌንስ አንድ፣ ከተቻለ ረጅም ሌንስ አንድ። ጠንካራ ትራይፖድ። ፖላራይዘር፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር። ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ቢያንስ አራት ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ፣ ምክንያቱም የጨው ውሃ ብናኝ ሌንሱ ላይ ሳታዩት ያርፋል። አሸዋ የሚነፋ የጎማ ፓምፕ። ገንዘብ ከጠበበ ካሜራው ላይ ቆጥቡ፣ ትራይፖዱ ላይ አትቆጥቡ። ቀላል ትራይፖድ በዚህ ነፋስ አይቆምም።

ድሮን ያላችሁ ቤት ተዉት። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ በይዞታው ውስጥ ከልክሏል።

6ኛ ደረጃ፦ ቦታው ላይ

ሮዲዮ ደቡብ ጫፍ ላይ ነን እንበል። ውሃው እየሸሸ ነው፣ 20 ደቂቃችሁን ቆማችሁ አይታችኋል፣ ሞገዱ ረጋ ያለ ነው።

ትራይፖዱን እስከ ጉልበት ዝቅ አድርጉት። ከቁመታችሁ ሆናችሁ ስታነሱ ጠጠሩ ከሩቅ ያለ መሬት ነው። ዝቅ ስትሉ ግን እያንዳንዱ ጠጠር ፊት ይኖረዋል። እግሮቹን በደንብ ጫኑና ጠጠሩ ውስጥ ቅበሯቸው። አለበለዚያ ሞገዱ ከሥራቸው ጠጠሩን ሲወስድ ካሜራው በዝግታ ይሰምጣል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል።

አሁን ከፊት ምን አለ? ባዶ ባሕርና ሰማይ ብቻ ፎቶ አይሆንም። ለዓይን መነሻ የሚሆን ነገር ፈልጉ፦ አንድ ድንጋይ፣ የአረፋ መስመር፣ ውሃ የቋጠረ ጎድጓዳ። አድማሱን ቀጥ አድርጉ፤ ባሕር ዘንበል ካለ ማንም ሰው በሰከንድ ያውቃል። አድማሱ አለቱን አንገቱ ላይ እንዳይቆርጠው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ በሉ።

ሞገድ መጣ። ነጩ አረፋ እስከ ትራይፖዱ እግር ድረስ ወጣ። አሁን አትጫኑ። የሚመጣ ውሃ ዝም ብሎ ነጭ ነው። ቆሞ መመለስ ሲጀምር ጠጠሩ ይንኳኳል፤ ያንን ድምፅ ስትሰሙ ተጫኑ። የሚመለሰው አረፋ በየጠጠሩ መሃል እየተሰነጠቀ መስመር ይሠራል። መስመሮቹ ሁሉ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ደሴቷ ይሄዳሉ። ግማሽ ሰከንድ በቂ ነው። ቀዩ ቸርት በእርጥበቱ ሥር ይበራል። ፖላራይዘሩን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት በድንጋዩ ላይ ያለው ነጸብራቅ ሲጠፋ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፤ ትንሽ ብርሃን ይቅርለት፣ እርጥብ መሆኑ እንዲታወቅ።

አንድ ሞገድ ከሌላው አይመሳሰልም። ስለዚህ ያንኑ አቀማመጥ ሳትነኩ ደጋግማችሁ አንሱ። ቤት ስትገቡ አንዷ ብቻ ናት የምትመረጠው። በየመሃሉ ሌንሱን አጽዱ። መጀመሪያ አሸዋውን በፓምፑ ንፉ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሸዋው ሌንሱን ይጭረዋል።

7ኛ ደረጃ፦ ቁጥሮቹ

ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉ፣ ቁጥሮቹን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 11። ኤፍ 22 ድረስ አትዝጉት፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ ጥራቱን ያጣል። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል አንሱ። ፎከሱ እንዲህ ነው፦ ከሁሉም ቅርብ የሆነው ድንጋይ ያለበትን ርቀት በሁለት አባዙትና እዚያ ላይ አድርጉ። ድንጋዩ 1 ሜትር ላይ ከሆነ ፎከሱ 2 ሜትር። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፉ። በ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት ተኩሱ፤ ለሚመለስ ሞገድ ሪሞቱ ይሻላል።

ሻተር ስፒዱ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ነው የባሕሩን ባሕርይ የሚወስነው። በ1/1000 ሰከንድ ሞገድ አለት ሲመታ እያንዳንዱ ጠብታ አየር ላይ ይቆማል። ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ውሃው ይንቀሳቀሳል ግን ቅርጹን አያጣም። 30 ሰከንድ ላይ ባሕሩ ልሙጥ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይወዳል። እኔ አልወደውም። ሞገዱም አረፋውም ይጠፋና ፓሲፊክም ኩሬም አንድ ይሆናሉ። ጸጥታ የሚፈልግ ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ የሱትሮ ገንዳ፣ እዚያ ይሁን።

የኤንዲ ፊልተር ሒሳቡ ቀላል ነው። ያለ ፊልተር 1/60 ሰከንድ ከሆነ በባለ 6 ስቶፕ 1 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በባለ 10 ስቶፕ 17 ሰከንድ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ፊልተር ላያስፈልግ ይችላል፤ ጨለማው ራሱ ሻተሩን ያስረዝመዋል።

ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን ከጨለማ እስከ ነጭ የሚያሳየውን ግራፍ እዩ። ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጋፍቶ ከተቆረጠ ነጩ አረፋ ተቃጥሏል፤ ኋላ በኤዲት አይመለስም። ሰማዩና መሬቱ በጣም ከተለያዩ ሦስት ፎቶ በተለያየ ብርሃን አንሱና ቤት አዋህዷቸው።

ስልክ ብቻ ያላችሁስ? ስልኩን ደገፍ አድርጉት። አይፎን ከሆነ ላይቭ ፎቶውን ከፍታችሁ አንሱ፣ ከዚያ ፎቶው ላይ ከሚመጡት ምርጫዎች ሎንግ ኤክስፖዠርን ምረጡ፤ ውሃው ይለሰልሳል። አዳዲሶቹ ፒክስል ስልኮች በካሜራው ውስጥ ራሱን የቻለ ሞድ አላቸው። ስለ ታይድ፣ ስለ ሞገድና ስለ ብርሃን ያልኩት ሁሉ ለስልክም አንድ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ቤት ስትገቡ

ከመተኛታችሁ በፊት ትራይፖዱን በቧንቧ ውሃ እጠቡት። እግሮቹን ዘርግታችሁ፣ መቆለፊያዎቹን ከፍታችሁ። ጨው ብረት ይበላል፣ አሸዋ ደግሞ መቆለፊያውን ያፋጫል። ካሜራውን በንጹሕ ውሃ ትንሽ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ከውጭ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በደረቅ። ዳርቻው ላይ ሌንስ መቀየር አይመከርም፤ ግድ ከሆነ መኪና ውስጥ።

ኤዲት ላይ ላይትሩም ያለው በዚያ፣ የሌለው በነጻው ስናፕሲድ። መጀመሪያ አድማሱን አስተካክሉ፣ የሌንስ ማስተካከያውን አብሩ፤ ሰፊ ሌንስ የባሕሩን መስመር ያጎብጠዋል። ከዚያ ሰማዩን አሳድጋችሁ ነጠብጣብ ፈልጉ፤ ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ የሚታየው እዚያ ነው። አረፋውን እዩ፦ ነጭ ነው ወይስ ሰማያዊ ሆኗል? በማታ ብርሃን ትንሽ ሞቅ ያለ ቢሆን ልክ ነው። ቀለሙን ከሚገባው በላይ አትግፉት። የሮዲዮ ቀይ ድንጋይ ራሱ በቂ ቀይ ነው።

አንዱን አሳትሙ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ሒሳብ 20 በ13 ኢንች ድረስ ጥርት ብሎ ይወጣል። የኮምፒውተራችሁን ብርሃን ቀንሳችሁ ኤዲት አድርጉ፤ ብርሃኑ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ የተሠራ ፎቶ ወረቀት ላይ ይጨልማል። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት በ4 በ6 ኢንች አንድ ሙከራ አሳትሙና መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እዩት። ጥቁሩ አለት ውስጥ ያለው ዝርዝር ከጠፋ ጥላውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ላኩት።